የሞለኪውል መገጣጠሚያው ኪት፦ ለኦርጋኒክ ጎበዝ፣ ለጨው ሰነፍ

ኦርጋኒክ (በአብዛኛው በካርቦንና በሃይድሮጅን ትስስር የተገነቡ) እና ኢኦርጋኒክ (ሌሎቹን) ሞለኪውሎች ለመለየት ይረዳል ተብሎ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ኳስና ዘንግ ኪት ሞክሬዋለሁ። በአጭሩ፣ ግማሹን ሥራ አሪፍ አድርጎ ይሠራል።

ጥቁሯ ኳስ ካርቦን ናት፣ አራት ቀዳዳ አላት። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ካርቦን ከካርቦን እየተያያዘ ሰንሰለት ይሆናል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቀለበት ይሠራል፤ 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ይዛችሁ በአንድ ረድፍ ብትገጥሟቸው ቡቴን፣ ቅርንጫፍ ብታወጡለት ደግሞ አይሶቡቴን የሚባል ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፣ የሚፈሉበት ሙቀት እንኳ ይለያያል። ይህን በእጅ እየነኩ ማየት ከመጽሐፍ ሥዕል በብዙ ይሻላል።

መመሪያው ግን ያናድዳል። ካርቦን ካለው ኦርጋኒክ ነው ብሎ ያልፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድስ? ካርቦን አለው፣ የሚመደበው ግን ከኢኦርጋኒክ ነው። አብዛኞቹ ኦርጋኒክ ውህዶች የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር አላቸው ቢል ይሻል ነበር (በሽንት ውስጥ የምትገኘው ዩሪያ እሱም የላትም፣ ግን ኦርጋኒክ ናት)። እ.ኤ.አ. በ1828 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር ከኢኦርጋኒክ ጨው የሠራት ይህችኑ ዩሪያ ነው፤ ኦርጋኒክ ነገር ከሕያው አካል ብቻ ይገኛል የሚለው እምነት ያኔ ተናጋ።

ትልቁ ድክመት ጨው ላይ ነው። አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን በዘንግ አያይዙ ይላል። የምንበላው ጨው እኮ እንዲህ ያለ ጥንድ ሞለኪውል አይደለም፤ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች) እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ክሪስታል ነው፣ እያንዳንዱ አዮን በ6 ተቃራኒ አዮኖች ተከቦ።

ዘንጎቹ ጠንካሮች ናቸው፣ ለድርብ ትስስር (ሁለት አተሞች በሁለት ዘንግ ሲያያዙ) የሚሆኑት ተጣጣፊዎቹ ግን ቶሎ ይላላሉ። ኦርጋኒክ የምትማሩ ግዙት። ለኢኦርጋኒኩ የክሪስታል ሞዴል ለብቻው ፈልጉ።