ለየብቻ የሚገዛ ኮትና ሱሪ፦ ኔቪ፣ ቡናማ ወይስ ጥቁር?

ሙሉ ልብስ የሚገዛ ሰው ቀለም ስለማዛመድ አይጨነቅም፤ ኮቱም ሱሪውም ከአንድ ጨርቅ ተቆርጠው ነው የመጡት። ለየብቻ ሲገዙ ግን ኃላፊነቱ የገዢው ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ኮቶች ኔቪ ብሉ የምንለው ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡናማ እና ጥቁር ናቸው። አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው የእኔ ምርጫ ኔቪ ኮት ከመካከለኛ ግራጫ የሱፍ ሱሪ ጋር ነው።

የኮቱና የሱሪው ልዩነት ከሩቅ መታየት አለበት። ቀለማቸው ከተቀራረበ ሰውየው የአንዱን ሙሉ ልብስ ኮት ከሌላው ሱሪ ጋር በጨለማ የለበሰ ይመስላል። ኔቪና መካከለኛ ግራጫ በግልጽ ይለያያሉ፤ ግን አይጣሉም። ነጭም ሆነ ፈዛዛ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁርም ሆነ ቡናማ ጫማ ይቀበላሉ፤ ከረባት ሲታሰር ለቢሮና ለሠርግ፣ ሲፈታ ለእራት ግብዣ ይሆናሉ። ዋናው የግራጫው ልክ ነው። ወደ ጥቁር ያደላ ግራጫ አምፖል ሥር ከኔቪ ጋር ይመሳሰላል። ነጣ ያለው በቀን ሠርግ ላይ በጣም ያምራል፤ በክረምት ጭቃ ታክሲ ለሚጋፋ ሰው ግን አልመክረውም።

ኔቪ ኮት ከካኪ ሱሪ ጋርም ጥሩ ነው፤ ዘና ያለ ነው። ይህ አለባበስ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን የወታደር ካኪያቸውን ይዘው ኮሌጅ ሲገቡ ነው። ካኪው ጥጥ ስለሆነ ቶሎ ይጨማደዳል፤ ለከባድ ስብሰባ ግራጫው ይሻላል።

ቡናማ ኮት ሞቅ ያለ መልክ አለው። በድሮው የእንግሊዞች ልማድ የገጠር ልብስ ነበር፤ የለንደን ነጋዴ ከተማ ውስጥ ቡናማ አይለብስም ነበር። ዛሬ ያ ገደብ ላልቷል። ከግራጫና ከክሬም ሱሪ ጋር ይስማማል፤ ኮቱ ፈካ ካለ ከኔቪ ሱሪ ጋርም ይሄዳል። ከካኪ ጋር ሲሆን ግን ቀለሞቹ እንዳይቀራረቡ ጠቆር ያለውን ቡናማ ይምረጡ። ለማታ ፕሮግራም ኔቪ ይበልጠዋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ጥቁሩን ነው፤ ለየብቻ ለመልበስ ግን ከሦስቱ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ከካኪ ጋር ይጋጫል፣ ከኔቪ ሱሪ ጋር ይምታታል፣ የሚያዋጣው ከግራጫ ጋር ብቻ ነው። ለለቅሶ ጥቁር ካስፈለገ ሙሉ ልብስ መግዛት ይሻላል።

የሙሉ ልብስን ኮት ነጥሎ መልበስም እምብዛም አያምርም። ጨርቁ ልሙጥና አንጸባራቂ ከሆነ፣ ወይም ቀጭን መስመር ካለው፣ ግማሹ እንደጎደለ ያስታውቃል። ለብቻው የሚለበስ ኮት ሽመናው ጎላ ያለ፣ በእጅ ሲዳሰስ ሻከር የሚል ይሁን። የናስ ቁልፍ ያለው ኔቪ ኮት የመርከበኞችና የቀዘፋ ክበቦች ወግ አለው፤ ለመጀመሪያ ኮት ግን ጠቆር ያለ ተራ ቁልፍ ይበቃል።

ከመክፈልዎ በፊት ኮቱን ወደ ሱቁ በር ይዘው ይውጡ። በአምፖል ብርሃን ኔቪና ጥቁር አይለዩም፤ በፀሐይ ከጥቁር ቀበቶዎ አጠገብ ሲይዙት ይታወቃል። ሱሪውን በሌላ ቀን የሚገዙ ከሆነም ኮቱን ለብሰው ይሂዱ።