ኤስቲኤም32ኤምፒ157ኤፍ-ዲኬ2 ቦርድ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቦርዱ ሊኑክስ የሚያሄድ ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን፣ በ800 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ኮርቴክስ-ኤ7 ፕሮሰሰሮች፣ ለፈጣን ቁጥጥር የሚሆን አንድ ኮርቴክስ-ኤም4 ፕሮሰሰር እና 512 ሜጋባይት ራም አለው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከፋብሪካ ማሽን መረጃ ለመሰብሰብም ሆነ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ መለማመጃ በደንብ ይበቃል። በወራት አጠቃቀም ሃርድዌሩ አላስቸገረም። ጊዜ የሚበላው ሃርድዌሩን ለሶፍትዌሩ በትክክል መግለጹ ነው።

ቦርዱ ሲነሳ ቲኤፍ-ኤ (የመጀመሪያው አስነሺ ፕሮግራም)፣ ኦፕ-ቲ (ከሊኑክስ የተለየውን ጥብቅ ክፍል የሚያስተዳድር)፣ ዩ-ቡት (ሊኑክስን የሚያስነሳ) እና ሊኑክስ ሥራውን በየተራ ይረከባሉ፤ አራቱም የየራሳቸውን ዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚገልጽ ፋይል፣ ያነባሉ። የኃይል መቆጣጠሪያው ቺፕ ያለበትን አይቱሲ 4 የተባለ የመገናኛ መስመር ለኦፕ-ቲ ሰጥተው በሊኑክሱ ትሪ ላይ ስታተሱን (ሃርድዌሩ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን የሚገልጸውን) «ኦኬይ» ብለው ከተዉት፣ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨር የተከለከለ ሃርድዌር ሲነካ ይወድቃል። እዚያ «ዲስኤብልድ» መሆን አለበት። «ሴኪዩር-ስታተስ» ካልተጻፈ ደግሞ ስታተሱ ላይ ያለው ለጥብቁም ዓለም፣ ማለትም ኦፕ-ቲ ለሚሠራበት ክፍል፣ ይወሰዳል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ትሪ ላይ መጻፍ ብቻውን ምንም አይቆልፍም። የሚቆልፈው ኢቲዜድፒሲ የሚባለው የቺፑ ክፍል ሲሆን፣ ቅንብሩ በኦፕ-ቲ ትሪ ውስጥ መግባት አለበት።

ሜሞሪውም እንዲሁ ነው። በተለመደው አደረጃጀት የራሙን መጨረሻ 32 ሜጋባይት ኦፕ-ቲ ይይዛል። ያ ቦታ በሊኑክሱ ትሪ ላይ «ኖ-ማፕ» (አትጠቀምበት) ተብሎ ካልተከለለ፣ ሊኑክስ በሰላም የተነሳ መስሎ ቆይቶ ያንን ቦታ ሲነካ ይቆማል። የዚህን መንስኤ ማግኘት አድካሚ ነው።

የኦፕ-ቲ ትሪ ያለው ፊፕ በተባለው የማስነሻ ፕሮግራሞች ጥቅል ውስጥ ስለሆነ፣ ቡት ክፍልፋዩ (የማከማቻው አንድ ክፍል) ላይ ያለውን የከርነል ፋይል መቀየር እሱን አይነካውም። ፊፑን እንደገና ገንብቶ በራሱ ክፍልፋይ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ሁሉንም ትሪዎች ዲቲሲ በተባለው ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ መልሶ ጎን ለጎን ማስተያየት ብዙ ድካም ያስቀራል። ከርነሉ በእርግጥ የተቀበለውን ለማየት ሊኑክስ ላይ ፕሮክ በተባለው ማውጫ ሥር ያለው «ዲቫይስ-ትሪ» ማውጫ ይታያል፤ ዩ-ቡት በመሐል የጨመረውም እዚያ ይገኛል።

ኃይል፦ 5 ቮልት፣ 3 አምፔር በዩኤስቢ-ሲ። የስልክ ቻርጀር ከተሰካ ቀዩ መብራት ብልጭ ይላል፤ ሁለቴ ከሆነ 500 ሚሊአምፔር፣ ሦስቴ ከሆነ 1.5 አምፔር ነው ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከኤስዲ ካርድ ለሚነሳ ቦርድ ሩት ክፍልፋዩን (የሊኑክሱ ፋይሎች ያሉበትን) ለንባብ ብቻ አድርጎ መጫን ይሻላል።