አንቀልባ በአራት ኪሎ፦ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ

አንቀልባውን የገዛሁት በጥር 2016 መርካቶ፣ ቆዳ ከሚሰፉ አንድ አባት ዘንድ፣ በ2,600 ብር ነው። ልጃችን ያኔ አምስት ወሯ ነበር፤ አንገቷ ከጸና ገና ጥቂት ሳምንታት ተቆጥረዋል። ዛሬ ሃያ አንድ ወር ሞልቷት ትሮጣለች። አንቀልባው ግን ቁም ሣጥን አልገባም፤ በሳምንት አራት አምስት ቀን አሁንም ጀርባዬ ላይ ነው። ስለ ሕፃን ጋሪ የሚናገር ሞልቷል። ስለ አንቀልባ ግን ከወራት አገልግሎት በኋላ የሚመሰክር ሰው አጥቼ ስለነበር የእኔን እነሆ።

መጀመሪያ ያየሁት በቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች በአንዱ ነበር። ዛጎሉ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ እጅግ ያምራል። ጠፍሩን ይዤ ሳብ ሳደርገው ግን ስፌቱ ከቆዳው ሲላቀቅ በዓይኔ አየሁ። እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ለመሰቀል የተሠራ ነው፤ ልጅ አይታዘልበትም። ለማዘል የሚሆነው ቆዳው በደንብ የለፋ ነው፦ በሁለት ጣት አጥፈው ሲጨምቁት አይሰነጠቅም፣ ሲለቁት ተመልሶ ይዘረጋል። ጠፍሮቹ ከገላው ጋር የሚገናኙበት ቦታም በድርብ መሰፋት አለበት፤ የልጁ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው መዳፍ በማትሞላ በዚያች ቦታ ላይ ነውና። የእኛው ጌጡ ትንሽ ነበር፤ በላይኛው ጠርዙ ላይ አንድ ረድፍ ጨሌና ሰባት ዛጎል ብቻ።

እነርሱም አሁን የሉም። ልጃችን ጥርስ ማብቀል ስትጀምር ጠርዙን ታኝክ ነበር፤ አንድ ቀን ከጀርባዬ ሳወርዳት ምላሷ ላይ ሰማያዊ ጨሌ አገኘሁ። ያን ዕለት ማታ ክሩን በመቀስ ቆርጬ ጌጡን በሙሉ አነሣሁት። እናቴ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ለቅማ በመሐረብ ቋጠረቻቸው እንጂ ለምን ብላ አልተናገረችኝም። አዲስ የምትገዙ ካላችሁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ ትንሽ ጨሌ ሕፃን ለማነቅ ይበቃል።

ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወርዱ ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ሰባ ሁለት ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በሌለበት ቀን ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከምድር ተሸክሞ መውጣት አለ። ባለቤቴ ማታ እስክትገባ ልጅቷን የምይዘው እኔ ነኝ። ከአንቀልባው በፊት ጀሪካኑን ለማውጣት ልጅቷን ለጎረቤት ማስያዝ ነበረብኝ። አንቀልባው እጄን ፈታልኝ። ልጅቷን አዝዬ ውኃ አወጣለሁ፣ ልብስ አሰጣለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ። ምድጃ አጠገብ ግን አላዝላትም፤ ከጀርባ እጇን ስትሰድ አትታይም።

አስተሳሰሩ ይለመዳል እንጂ በአንድ ቀን የሚያዝ አይደለም። ጎንበስ ብሎ ልጅቷን ጀርባ ላይ አስተኝቶ ቆዳውን መደረብ፣ የላይኞቹን ጠፍሮች በትከሻ አሳልፎ ደረት ላይ ማጠላለፍ፣ ከዚያም በመቀመጫዋ ሥር አዙሮ ወገብ ላይ ማሰር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስትደግፍልኝ ከረመች። ከዚያ በኋላ የቻልኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ተራቸውን ትተው ወደ እኔ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ እግሯ ተንጠልጥሏል እኮ። እስቲ ቁም» አሉኝና ጠፍሩን አላልተው፣ ቆዳውን ከጭኗ ሥር እስከ ጉልበቷ ድረስ ስበው፣ ጉልበቶቿን ከመቀመጫዋ ከፍ አድርገው እንደገና አሰሩት። «እንዲህ ነው። አሁን አንተንም ወገብህን አይቆርጥህም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ» ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም። በእርግጥም ያን ቀን ወገቤ አልቆረጠኝም። በዘጠነኛ ወሯ ለኩፍኝ ክትባት ስንሄድ ጉዳዩን ለጤና ባለሙያዋ አነሣሁላት፤ የነገረችኝ ያንኑ ነበር። የሕፃን ጭን ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ሲል የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እግርን አቃንቶ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግን ዳሌው ከቦታው እንዲናጋ ሊያደርግ ይችላል። አሮጊቷ ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ፊቷ አለመታየቱ ነው። እንቅልፍ ሲወስዳት አገጯ ደረቷ ላይ ከተደፋ እንደ ልብ መተንፈስ ስለማትችል፣ በየጥቂት ደቂቃው የስልኬን ካሜራ ከትከሻዬ በላይ አንሥቼ አያታለሁ። ብርድም ቢሆን ጋቢም ሆነ ነጠላ ፊቷ ላይ አላለብስም። አንገቱ ያልጸና ሕፃን በጀርባ ማዘልን ጨርሶ አልመክርም።

ሰው ያየኛል ወይ? መጀመሪያ ላይ አዎ። ወንድ በአንቀልባ ልጅ አዝሎ በፒያሳ ሲያልፍ ዞር ብሎ የማያይ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ግን ሲመርቁኝ ነው የሰማሁት፤ አሁን እኔም አላስተውለውም።

አንቀልባ የማይመቸው ታክሲ ውስጥ ነው። ልጅ አዝሎ ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማይቻል ከመግባት በፊት ፈትቶ ማቀፍ፣ ሲወርዱ ደግሞ በር ላይ እንደገና ማዘል ያስፈልጋል። ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ» ሲል፣ ከኋላ ሰው ሲገፋ፣ ይህ እጅግ ያስጨንቃል። አሁን አጭር መንገድ ከሆነ በእግሬ መሄዱን መርጫለሁ።

ስለ ዝናብ ደግሞ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ አንቀልባውን ላጣው የነበረው በዝናብ ነውና። ባለፈው ሐምሌ ከፒያሳ ስንመለስ ዶፍ ያዘን። ዣንጥላው እርሷን ሸፈናት፤ የአንቀልባው ታችኛው ክፍልና ጠፍሮቹ ግን ውኃ ጠጡ። ቤት ስገባ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሰቀልኩት። ጠዋት ሳነሣው እንደ ጣውላ ደርቆ ጠበቀኝ፤ ሳጥፈው ይንቋቋል። እናቴ አየችውና በእርጥብ ጨርቅ አራሰችው፤ ከዚያ ለጋ ቅቤ በመዳፏ እየቀባች፣ እያሸች፣ ሁለት ማታ ሙሉ ተቀመጠችበት። ለስልሶ ተመለሰ። የቅቤው ሽታ ግን ወር ያህል ከልብሴ አልለቀቀም፤ የባለቤቴ ነጭ ቀሚስም ትከሻው ላይ ቅባት ነክቶት ቀረ። ስለዚህ ቆዳ ሲርስ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ብቻ ይድረቅ፤ ፀሐይም እሳትም አያሳዩት። ከዚያ ወዲህ ውስጡን በአቡጀዲ ገበርነው፤ ላብም ሽንትም ሲነካው ጨርቁን ብቻ ፈትቶ ማጠብ ነው። በመጋቢት ሙቀት ግን አቡጀዲውም አይረዳም፤ ሁለታችንም ጀርባና ደረታችን በላብ ይጠመቃል።

የሕፃን ጋሪም አለን፤ በስጦታ የመጣ ነው። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአራት ኪሎ የእግረኛውን መንገድ ስላሰፋው እዚያ ሲደርሱ ጋሪው እንደ ልብ ይሄዳል። ወደ እኛ ሰፈር የሚወስደው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን ኮብልስቶን ነው፣ ከዚያም ሰባ ሁለቱ ደረጃ አለ። ጋሪውን በአንድ እጅ፣ ልጅቷን በሌላው ይዤ ከወጣሁባቸው ቀናት በኋላ ለጋሪው ያለኝ ፍቅር ቀንሷል።

እሑድ እሑድ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ በእግር እንወጣለን፤ አንዳንዴ ብሔራዊ ሙዚየም እንገባለን። ብዙ ሰው ስለ ድንቅነሽ ነው የሚያወራው፤ እኔን የምትስበኝ ግን ሰላም ናት። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን በ2000 እ.ኤ.አ. ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተች ሕፃን ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. እግሯን ያጠኑ ሳይንቲስቶች አውራ ጣቷ ከዛሬው ልጅ ይልቅ ይንቀሳቀስ እንደነበርና እናቷን ቆንጥጣ ለመያዝ ሳይረዳት እንዳልቀረ ጽፈዋል። ይህን ባነበብኩ ማግስት ልጄን ሳዝል ትንንሽ ጣቶቿን በመዳፌ ያዝኳቸው። የእርሷ አውራ ጣት አይጨብጥም፤ እርሷን የጨበጣት ቆዳው ነው።

አሁን 11 ኪሎ ከ200 ግራም ትመዝናለች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ስሄድ የትከሻዬ ጅማት ይናገራል፤ እስከ 13 ኪሎ ድረስ እችል ይሆናል፣ ከዚያ ግን አልገፋም። አብዛኛውን መንገድ ራሷ ትሄዳለች። ሲደክማት ወይም እንቅልፏ ሲመጣ በር ጀርባ ትሄድና የአንቀልባውን ጠፍር እስከ እግሬ ድረስ እየጎተተች «እዘለኝ» ትላለች። ጀርባዬ ላይ ከወጣች እሹሩሩ እንኳ አያስፈልጋትም፤ አሥር ደረጃ ሳንወርድ ተኝታለች።

የግራው ጠፍር ስፌት አንድ ጣት ያህል ተርትሯል፤ ቅዳሜ ወደ ሰፊው አባት ዘንድ እወስደዋለሁ። እህቴ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። እናቴም በመሐረብ የቋጠረቻቸውን ሰባት ዛጎሎች ከወዲሁ አውጥታ አጥባቸዋለች፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ የሕፃን እጅ በማይደርስበት ታችኛው ጠርዝ ላይ እንዲሰፉ ከእኔ ጋር ተስማምተናል።