በፈቃደኝነት የተገባ የግንባታ ቦታ ቃል፦ የአንድ የደሴ ተቋራጭ ሥራ በጎረቤት ዓይን

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ከቤታችን አጥር ጥግ የተሠራውን ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ከቁፋሮ እስከ ልስን ድረስ በየዕለቱ ተከታትያለሁ። የምገመግመው ግን የሕንፃውን ጥራት ሳይሆን ተቋራጩ ማንም ሳያስገድደው ለጎረቤት የገባውን ቃል ነው። በቆርቆሮ አጥሩ ላይ በለጠፈው ወረቀት ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ሚክሰር እንደማያስነሣ፣ አሸዋና ጠጠር መንገድ ላይ እንደማያራግፍ፣ የክረምት ውኃም ወደ ሰው ግቢ እንደማይለቅ ጽፎ፣ ከግርጌው የፎርማኑን ስልክ አኑሮ ነበር።

በደሴ ከሁሉም የሚከብደው የውኃው ነገር ነው። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች ከላይ የተቆፈረ አፈር ክረምት ሲገባ የሚወርደው ከታች ባለው ሰው ደጅ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ጭቃው የአንዲት አረጋዊት ጎረቤታችንን ማድቤት ሞላው። ማለዳ ሲደወልለት ፎርማኑ ሦስት የቀን ሠራተኞች ይዞ ደረሰ፤ «እማማ፣ ይቅር ይበሉን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብሎ እርሱም አካፋ ያዘ። በዚያው ቀን ቦይ ተቀደደ፣ በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያም በዳር በዳሩ ተደረደረ፤ ጭቃው ተመልሶ አልመጣም። ለዚህ ምላሽ ሙሉ ምስጋና ይገባዋል።

በድምፅ በኩል ቃሉን በአብዛኛው ጠብቋል። የሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ሙሌት ከተጀመረ መሀል ላይ ማቋረጥ ስለማይቻል አንድ ጊዜ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከአንድ ቀን በፊት ይነገረን ነበር። ጠጠር ማራገፉ ላይ ግን ወድቋል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው በሌሊት የሚደርሱት ሲኖትራኮች የእግረኛውን መንገድ በተደጋጋሚ ዘግተውት ተማሪዎች በአስፋልቱ ላይ ከመኪና ጋር እየተጋፉ ሲሄዱ አይቻለሁ። ይህን እንደ ቀላል ነገር ልመለከተው አልችልም።

ተቋራጮች እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት እንደሚያዩት የእኛውን ተቋራጭና ሁለት የሙያ ባልደረቦቹን ጠይቄአለሁ። አንደኛው የአጥር፣ የቦይና የጽዳት ወጪ ጨረታ ላይ ስለማይታሰብለት ዋጋ ዝቅ አድርጎ የገባው እንደሚቀድመው በምሬት ነገረኝ፤ እውነቱን ነው። ሌላው የሕንፃ አዋጁ ግንባታ የሰውንና የንብረትን ደኅንነት እንዳይጎዳ አስቀድሞ ስለሚያዝ ተጨማሪ ቃል አያስፈልግም ባይ ነው፤ በዚህ አልስማማም፤ አዋጁ የፎርማኑን ስልክ በእማማ እጅ አያስቀምጥምና። የእኛው ተቋራጭ ደግሞ ቅሬታ ከማዘጋጃ ቤት በፊት እርሱ ዘንድ ሲደርስ ሥራው ከመታገድ እንደሚድን ያምናል።

በብሪታንያ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት «ኮንሲደሬት ኮንስትራክተርስ ስኪም» (ለሌላው የሚያስቡ ተቋራጮች መርሐ ግብር) በዚሁ መንገድ በፈቃደኝነት የቆመ ነው፤ ልዩነቱ የተመዘገበውን ሳይት ከውጭ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ጎብኝቶ ነጥብ መስጠቱ ነው። የእኛው ወረቀት የጎደለው ይህ ነው፤ የሲኖትራኮቹን ጉዳይ ከጎረቤት በቀር የጠየቀው አልነበረም።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለሚያሠራ ሰው ይህን ተቋራጭ እጠቁማለሁ፤ ነገር ግን የማራገፊያ ቦታና ሰዓት፣ የቦይና የጽዳት ሥራ ከነዋጋቸው በውሉ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ከአጥራችን ሥር የቀረው የብሎኬት ስባሪ እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ ሲነሣ እዚሁ እጽፋለሁ።