ትንሿ ፕሪንተር ወይስ ትልቁ ኮፒ ማሽን? ሚስጥር የሚታተምበት ቢሮ የቱን ይግዛ

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቢሮ የሠራተኛው ሁሉ ፔሮል ኮሪደር ላይ ባለው ፕሪንተር ታተመ። ያዘዘችው ልጅ ስልክ ይዟት ቆየች። አላፊ አግዳሚው ወረቀቱን አየው። ከሰዓት በኋላ ሻይ ላይ የማን ደሞዝ ስንት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሀከር የለ፣ ቫይረስ የለ።

ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ግን የሚወዳደረው ፍጥነትና የቶነር ዋጋ ነው። “ሴኪዩሪቲስ?” ካላችሁ ሻጩ “አለው፣ አለው” ይላችኋል። ምን እንዳለው ግን ከማሽን ማሽን ይለያያል። እስቲ ሁለቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን እንያቸው፦ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋን ትንሿን ሌዘር ፕሪንተር (ብራዘር፣ ኤችፒ ሌዘርጄት ፕሮ) እና መሬት ላይ የሚቆመውን ትልቁን ኮፒ ማሽን (ካኖን ኢሜጅራነር አድቫንስ፣ ኪዮሴራ ታስክአልፋ፣ ሪኮ፣ ቶሺባ ኢ-ስቱዲዮ)።

ትሪ ላይ የሚቀረው ወረቀት

የፔሮሉን ጣጣ የሚፈታው በፒን ማተም ነው። ከኮምፒውተሩ ስታዙ ፒን ትሰጣላችሁ። ማሽኑ ጋ ሄዳችሁ ፒኑን እስክታስገቡ ወረቀት አይወጣም።

በብዙ የብራዘር ሞዴሎች ፒን የሚጠብቀው ሥራ የሚቀመጠው ሜሞሪ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ለሚስጥር ጥሩ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ደጋግሞ ማዘዝ ያመጣል። ኤችፒ ሌዘርጄት ፕሮ ኤም404ዲኤን ደግሞ ለዚህ አገልግሎት ከኋላዋ 16 ጊጋባይት ፍላሽ እንዲሰካላት ትፈልጋለች። ፍላሹ እዚያው ተሰክቶ ይኖራል። ነቅሎ ኪሱ የሚከት አይጠፋምና እኔ ብሆን የሚቆለፍ ክፍል ውስጥ ነው የማስቀምጣት።

እዚህ ላይ ትልቁ ይበልጣል። ካርድ አንባቢ ይገጠምለታል። ሰርቨር ላይ እንደ ፔፐርከት ያለ ሶፍትዌር ከተጫነ ያዘዛችሁት ሥራ፣ ካርዳችሁን ያስጠጋችሁበት ፎቅ ላይ ይወጣል። ሰው ፒን ይረሳል፤ ሲሰለቸው 1234 ያደርገዋል። የቢሮውን በር የሚከፍትበትን ካርድ ግን ይዞት ነው የሚዞረው።

ማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚቀረው

ይሄኛውን ዙር ትንሿ ታሸንፋለች። አብዛኛዎቹ ትንንሽ ሞዴሎች ሃርድ ዲስክ የላቸውም። ትልልቆቹ ግን አላቸው፤ ኮፒ ያደረጋችሁት፣ ስካን ያደረጋችሁት ሁሉ በዚያ በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ጀርሲ ካለ መጋዘን 4 ያገለገሉ ኮፒ ማሽኖች ገዝቶ ዲስካቸውን አስፈትሾ ነበር። የቡፋሎ ከተማ ፖሊስ የወንጀል ሰነዶች ወጡ። አፊኒቲ ሄልዝ ፕላን የተባለ የጤና መድን ድርጅት ደንበኞች የሕክምና መረጃም ወጣ። አፊኒቲ ማሽኑን ተከራይቶ ነበር፤ ሲመልሰው ዲስኩን አላጠፋም። በ2013 ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ 1,215,780 ዶላር ከፈለ። እኛም ጋ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ክሊኒኮችና የሒሳብ ቢሮዎች ልብ በሉ።

መፍትሔ አለው። ሪኮ ሥራው ባለቀ ቁጥር ዲስኩ ላይ የቀረውን ደርቦ እየጻፈ የሚያጠፋ ዘዴ አለው። በቶሺባ ኢ-ስቱዲዮ ራሱን የሚያመሰጥር ዲስክ ይገኛል፤ ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ መሣሪያ ላይ ቢገጠም መረጃው እንዳይነበብ ይሆናል። በብዙ የታስክአልፋ ሞዴሎች ላይ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ዳታ ሴኪዩሪቲ ኪት ለብቻው ነው የሚገዛው። “አለው” የሚለው ሻጭ የሚሸውዳችሁ እዚህ ጋ ነው። ማሽኑ ሊኖረው ይችላል፤ ፕሮፎርማው ላይ ግን የለም። በስሙ አስጽፉት።

ያገለገለ ማሽን ከዱባይ ልታስመጡ ካሰባችሁ ዋጋው ይማርካል። የሰው ሰነድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ካቆመለት ደግሞ ሀከር የሚገባበት ክፍተት አይደፈንም። ለተራ ኮፒ ቤት ይሁን፤ ለጠበቃ ቢሮ አልመክርም።

ኔትወርኩ

እዚህ ላይ መጠን ለውጥ አያመጣም፤ ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ ክፍት ናቸው። ብዙዎቹ ፕሪንተሮች በፖርት 9100 (የሕትመት ትእዛዝ በኔትወርክ በሚቀበሉበት በር) የመጣላቸውን ሁሉ ፓስወርድ ሳይጠይቁ ያትማሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው 50,000 ያህል ፕሪንተሮች ላይ የአንድ ዩቲዩበር ማስታወቂያ እንዳሳተመ ተናግሯል። በ2025 ደግሞ የ689 የብራዘር ሞዴሎች የፋብሪካ ፓስወርድ ከሴሪያል ቁጥራቸው ተሰልቶ ሊገኝ እንደሚችል ታወቀ። ቀድመው የተመረቱትን ማሻሻያ መጫን ብቻውን አያድናቸውም፤ ፓስወርዱን መቀየር የግድ ነው። ማሽኑ በተገጠመ ቀን ቀይሩት።

ወደ ፎልደር ስካን ስታደርጉ ማሽኑ የሚጠቀምበት ፓስወርድ አድራሻ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል። ቴክኒሻኑ እንዲቀለው ብሎ የኔትወርኩን አስተዳዳሪ (የአድሚኑን) ፓስወርድ ለማሽኑ ከሰጠው ጉድ ነው።

በኤችፒ ቤት ልዩነቱ በፕሮ እና በኢንተርፕራይዝ ሞዴሎች መካከል ነው። ኢንተርፕራይዞቹ ላይ ያለው ሹር ስታርት የተባለ ጥበቃ ማሽኑ ሲነሳ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) ይፈትሻል፤ ከተነካካ ንጹሑን ይመልሳል።

እኔ ብሆን

ከ10 ሰው በታች ላለው ቢሮ፣ ዲስክ የሌላትን ትንሿን ባለፒን ገዝቼ ብዙ ሚስጥር የሚያትመው ሰው ክፍል ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፎቅ ለሚሞላ ሠራተኛ ትልቁን ከነካርዱ እወስዳለሁ፤ ኪራይ ከሆነ ግን “ማሽኑ ሲመለስ ዲስኩ እኛ ጋ ይቀራል” የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ካልገባ አልፈርምም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ይህን ሞክሩ። በፒን አንድ ገጽ እዘዙ፤ ሳታወጡት ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉትና መልሳችሁ ሰኩት። ሥራው አሁንም ፒን እየጠበቀ ከሆነ የሆነ ቦታ ተጽፏል ማለት ነው። የት እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት።