ባለ አምስት ቀለሙን የፖሊሽ ስፖንጅ አትግዙ

ጎንደር ውስጥ መኪናችሁን በራሳችሁ እጅ ፖሊሽ ለማድረግ ያሰባችሁ፣ ላቫጆ የከፈታችሁ፣ ቀለም ቤት የምትሠሩ ልጆችም፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰሞኑን በመለዋወጫ ሱቆችም በቴሌግራምም የሚሸጥ አንድ የስፖንጅ ስብስብ አለ። በሚያሳይ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ስፖንጅ አለው። ከዚያ እንደ ስፖንጁ ማሽን ላይ የሚገጠም አንድ ሱፍ፣ ስፖንጁ የሚለጠፍበት ፕሌት፣ ምንነቱ ያልተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስም ተጨምሮበታል። ዋጋው አንድ ደህና ስፖንጅ ብቻውን ከሚሸጥበት ብዙም አይርቅም። ሰውን የሚያማልለውም እሱ ነው። አትግዙት።

የሰው ገበያ ለመዝጋት ብዬ አይደለም። አንድ ጎረቤቴ ለጥር ሰርግ መኪናቸውን ሊያሳምሩ ገዝተውት፣ «በል እስቲ፣ መብራት ሳይጠፋ ሥራልኝ» ብለው ይዘውልኝ መጡ። ሥራዬ ስለሆነ መኪናው ላይ ከማሳረፌ በፊት አንድ በአንድ አየሁት። ግቢ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ኮፈን ስላለ የሞከርኩትም እሱ ላይ ነው።

ከቀለሙ እንጀምር። ሻጩ የነገራቸው እንዲህ ነው፤ «አባቴ፣ ብርቱካኑ ጭረት ይቆርጣል፣ ቢጫው ያለሰልሳል፣ ጥቁሩ ያብረቀርቃል።» ሲሰሙት ያሳምናል። ግን የስፖንጅ ቀለም ሁሉም ፋብሪካ የተስማማበት ነገር አይደለም። እያንዳንዱ አምራች ለራሱ የመሰለውን ቀለም ይሰጣል። የአንዱ ብርቱካናማ ቆራጭ ሲሆን የሌላው ብርቱካናማ መካከለኛ ነው። ስለዚህ ቀለም ትርጉም የሚኖረው የአምራቹ ስም ታውቆ፣ የትኛው ለምን እንደሆነ የሚል መግለጫ ሲኖረው ነው። እዚህ ላስቲክ ላይ ስምም የለም፣ መግለጫም የለም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? በአውራ ጣት። ቆራጭ የሚባለው ስፖንጅ ደረቅ ያለ ነው፤ ስትጫኑት ይገፋችኋል። የመጨረሻው ማብረቅረቂያ ግን ለስላሳ ነው፤ ጣት ይውጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እኩል ስትጫኑ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። እነዚህን አምስቱን ደርድሬ ተጫንኳቸው። አምስቱም እኩል ገቡ፣ እኩል ተመለሱ። አላመንኩም፣ ቢላዋ አምጥቼ የብርቱካኑንና የጥቁሩን ዳር ቆረጥኩ። የውስጥ ቀዳዳቸው በመጠንም በጥግግትም አንድ ነው። አንዱን ስፖንጅ አምስት ቦታ ቀለም ነክረው አምስት ሥራ ይሠራል ብለው ሸጡላቸው ማለት ነው። ነጩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ስጨምቀው ምንም አልወጣም። ሰማያዊው ግን ውኃውን ሰማያዊ አደረገው። ነጭ መኪና ያላችሁ አስቡት።

«ምን ችግር አለው፣ ዞሮ ዞሮ ስፖንጅ ነው» የሚል አይጠፋም። ችግር አለው። ለስላሳ የሆነውን ቆራጭ ነው ብለው ሲሸጡላችሁ ጭረቱ አይነሳም። አልነሳ ሲል ማሽኑን ትጫኑታላችሁ። ስትጫኑት ይግላል። የፋብሪካ ቀለም ላዩ ላይ ያለው ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከራስ ፀጉር የቀጠነ ማለት ነው። በተለይ የኮፈን መስመርና የበር ጠርዝ ላይ ቶሎ ያልቃል። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን አያሳልፍም፣ ቶሎ ይቃጠላል። ክሊሩ አንዴ ካለቀ ደግሞ ምንም ፖሊሽ አይመልሰውም፤ ቀለም ቤት መግባት ነው። በተቃራኒው ደረቅ ስፖንጅ ማብረቅረቂያ ነው ተብሎ ከተሸጠላችሁ ክብ ክብ ጭረት ጥሎ ይሄዳል። ጥላ ሥር አይታይም። ሙሽሮቹ ፋሲል ግንብ ፊት ፎቶ ሲነሡ፣ ፀሐይዋ ጥቁሩ መኪና ላይ ስታርፍ ያኔ ነው የሚወጣው።

ቬልክሮውም፣ ከስፖንጁ ጀርባ ያለው ፕሌቱ ላይ የሚጣበቀው ጨርቅ፣ እንደዚያው ነው። ጥሩ ስፖንጅ ላይ ቬልክሮው ጠርዙን ይዛችሁ ብትስቡት አይላቀቅም። የዚህኛው ግን አሮጌው ኮፈን ላይ ሞቅ ሲል ከመሐል ጀምሮ ለቀቀ። ገልብጬ ሳየው ሙጫው ለስልሶ እንደ ክር ይሳባል። የስፖንጅ መሐል ሙቀት የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። ጥሩዎቹ አምራቾች ብዙ ጊዜ መሐሉን የሚበሱት ለዚህ ነው፤ አየር ያስወጣል፣ ፕሌቱም መሐል ላይ እንዲቀመጥ ይረዳል። መኪና ላይ ሆኖ ቢለቅ ኖሮ ስፖንጁ ይበራል፣ የሚዞረው ፕሌት ደግሞ ቀጥታ ቀለሙ ላይ ያርፋል።

ፕሌቱ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። 125 ሚሊ ሜትር ነው። ስፖንጆቹም 125 ናቸው። ስፖንጅ ከፕሌቱ ዙሪያውን መትረፍ አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ትንሽ ዘንበል ሲል የፕሌቱ ደረቅ ጠርዝ ቀለሙን ይመታል። ለ125 ፕሌት 140 ወይም 150 ስፖንጅ ብትይዙ ጥሩ ነው። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ይሳቅ።

አሁን በጣም ያስቆጣኝን ልናገር። ሻጩ «ፖሊሸር መግዛት አያስፈልግም፣ ግራይንደር ላይ ይገባል» ብሏቸዋል፤ ብረት መቁረጫው ማሽን ላይ ማለቱ ነው። መግባቱስ ይገባል። የብዙ ግራይንደርና የብዙ ፖሊሸር አንገት ጥርሱ አንድ ነው፣ ኤም 14 ይባላል። ግን ትንሹ ግራይንደር ብዙ ጊዜ በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል። የሚሽከረከረው ፖሊሸር በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 አካባቢ ነው የሚዞረው፣ ፍጥነቱም ይቀነሳል፣ ይጨመራል። ስፖንጅ በ11,000 ዙር ተበጣጥሶ ዓይን ላይ ሊፈናጠር ይችላል። ቀለሙማ ሰከንድ አይፈጅበትም። ጀማሪ ከሆናችሁ ዲኤ የሚሉትን፣ እየዞረ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ማሽን ፈልጉ። ስትጫኑት መዞሩን ስለሚቀንስ ቀለም የማቃጠል ዕድሉ ያነሰ ነው። አዝጋሚ ነው፣ አዎ። ይሁን።

«ንጹህ የበግ ሱፍ» ስለተባለው ብዙ አልልም። ሁለት ሦስት ክር ነቅላችሁ ደጅ ወጥታችሁ ክብሪት ለኩሱበት። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። የበግ ጭንቅላት ለብልቦ የሚያውቅ ሰው ሽታውን አይስተውም። ይሄኛው ቀልጦ ጥቁር ጠጠር ሆነ። ፕላስቲክ ነው።

ጠርሙሱን ደግሞ ተጠንቀቁ። ሱቅ በር ላይ አንድ ኮፈን አስቀምጠው፣ ከጠርሙሱ ጠብ አድርገው፣ ፈተግ ፈተግ ሲያደርጉት መስታወት ይሆናል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ፈሳሾች ዘይትና መሙያ አለባቸው። ጭረቱን ይሸፍኑታል እንጂ አያነሱትም፤ ጥቂት ከታጠበ በኋላ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። ማሳያውን ስታዩ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል በውኃ እኩል በጥብጣችሁ በንጹህ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጥረጉትና በስልክ መብራት እዩት። ሻጩ «አይ፣ እሱን አትንኩት» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ጎረቤቴ መልሰው ሄደው ነበር። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አሳዩዋቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። ችግሩ ደረሰኝ አልያዙም። በቴሌግራም የሚገዛ ሰውማ የሻጩን ሱቅ እንኳ አያውቀውም። ሻጩ ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ወደ ሌላ ሱቅ ማለፍ ነው። አራዳም ሆነ አዘዞ መንገድ ላይ ሱቅ ሞልቷል።

የስብስብ ነገር ካማራችሁ፣ ለአንድ የቤት መኪና ይህን ያህል ብዛት አያስፈልግም። የአምራቹ ስም የተጻፈበት፣ ጥንካሬው የተገለጸ፣ ሁለት መካከለኛና ሁለት ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል። ሁለት ሁለት ያልኩት አንዱ በኮምፓውንድ፣ ጭረት በሚያነሳው ፈሳሽ፣ ሲጠግብና ሲግል በሌላው እንድትቀይሩ ነው። መካከለኛውን ከነኮምፓውንዱ፣ ለስላሳውን ከነማብረቅረቂያው ለየብቻ ያዙ፤ አንዱ ስፖንጅ ላይ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ አትደባልቁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ በሠራችሁ ቁጥር በብሩሽ አራግፉት። መሬት የወደቀውን ሳታጥቡ መልሳችሁ መኪና ላይ አታሳርፉ፤ የኛ አቧራ አሸዋ አለበት። በተለይ አሮጌ ወይም ቀለም የተቀባ መኪና ከሆነ በለስላሳው ጀምሩና፣ ጭረቱ አልነሳ ካለ ብቻ ወደ መካከለኛው ውጡ። የመኪናው ቀለም ስፖንጁ ላይ ከወጣ ላዩ ላይ ክሊር የለውም፣ ወይም ክሊሩ አልቋል ማለት ነውና ቆም በሉ። ሱፉን፣ ቀለሙን በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ለሚጨርሱት ቀለም ቀቢዎች ተዉላቸው።