የታሪክ ሞክሼዎችን ለመለየት፦ የ«ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» ግምገማ

የኢትዮጵያን ታሪክ በጥሞና ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙ ገጽ ሳይገፋ የሞክሼዎች ብዛት ያደናግረዋል። በአገራችን ሰው የሚታወቀው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። ነገሥታትና ጳጳሳት ደግሞ ሲሾሙ የአባታቸው ስም ይቀርና አዲስ ስም ብቻውን ይቆማል። በዚህ ላይ የክርስትና ስም፣ የዙፋን ስም፣ የፈረስ ስም ሲጨመር አንዱ ሰው አራት ስም ይይዛል፣ አንዱም ስም ለአምስት ሰው ይሆናል። በየመጽሔቱና በየማኅበራዊ መገናኛው ከሚወጡ የታሪክ ጽሑፎች ውስጥ የአንዱ ሥራ ለሞክሼው ተሰጥቶ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ»ን የምገመግመው በአንድ ጥያቄ ነው፤ አንድ ስም ይዞ የመጣ አንባቢ የሚፈልገውን ሰው ከሞክሼዎቹ ለይቶ ያገኘዋልን?

መዝገበ ዕውቀቱ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ፣ በቪስባደኑ ሃራሶዊትዝ አሳታሚ ከ2003 እስከ 2014 (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአምስት ቅጽ የወጣ የእንግሊዝኛ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ዚግበርት ኡሊግ ሲሆኑ የመጨረሻውን ቅጽ ለፍጻሜ ያበቁት ፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ ናቸው። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ያሉባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ምሁራን ተሳትፈውበታል፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ የጸሐፊውን ስም ይይዛል፣ በግርጌውም ለተጨማሪ ንባብ የሚሆኑ ጽሑፎች ተዘርዝረዋል። ሰዎችን በአባት ስም ሳይሆን እንደ አገራችን ወግ በራሳቸው ስም መደርደሩ ደግሞ ለእኛ አንባቢዎች ትልቅ ክብር ያለው ውሳኔ ነው። ሞክሼዎች ጎን ለጎን እንዲሰለፉ ያደረገውም ይኸው አደራደር ነው።

የዚህን ጥቅም ለማየት አራተኛውን ቅጽ አንሥቶ «ተክለ ሃይማኖት» የሚለውን ስም መፈለግ ይበቃል። በመጀመሪያ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በሸዋ የተወለዱት፣ በልጅነታቸው ፍሥሐ ጽዮን የተባሉት፣ በሐይቅ እስጢፋኖስና በደብረ ዳሞ በምንኩስና ከቆዩ በኋላ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ደብረ አስቦን የመሠረቱት ጻድቅ አሉ። ስሙ በአገሪቱ ሁሉ የተዘራው በእርሳቸው ምክንያት ነው፤ በየወሩ በ24 ይታሰባሉ፣ ነሐሴ 24 ደግሞ ዕረፍታቸው ይከበራል። ከእርሳቸው ቀጥሎ የሚመጣው ግን የጻድቁን ስም ይዞ የጻድቁን መንገድ ያልተከተለ ንጉሥ ነው። አፄ ተክለ ሃይማኖት ቀዳማዊ አባቱ ታላቁ ኢያሱ በተገደሉበት በ1706 ዙፋኑን የያዘ፣ በዚሁ ደም ምክንያት «ርጉም» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ በ1708ም ራሱ የተገደለ ነው። ዳግማዊው ተክለ ሃይማኖት ከ1769 እስከ 1777 በጎንደር የነገሠ ሲሆን ወደ ዙፋኑ ያመጣው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ ያገኘው ቤተ መንግሥት የዚህን ወጣት ንጉሥ ነው። ከዚያም የጎጃሙ ንጉሥ ይከተላል፤ ራስ አዳል ተሰማ ተብሎ የኖረው፣ በ1881 በአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ሲጭን ተክለ ሃይማኖት የተባለው፣ በዓመቱ እምባቦ ላይ በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ተሸንፎ የተማረከው፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ግን ከእዚያው ከምኒልክ ጎን ዐድዋ የዘመተው ነው።

የዚህ ስም ታሪክ በነገሥታቱ አያበቃም። ከ1976 እስከ 1988 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛ ፓትርያርክ የነበሩት፣ በወላይታ በምነና የኖሩት፣ በመንበሩም ላይ ሆነው በባዶ እግራቸው መሄድን ያልተዉት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አሉ። እኚህ አባት የተተኩት ደርግ ከመንበራቸው ባወረዳቸው በአቡነ ቴዎፍሎስ ቦታ ነው። በ1708 ደግሞ ርጉም ተክለ ሃይማኖት ሲገደል ዙፋኑን የወረሰው ንጉሥ አፄ ቴዎፍሎስ ነበር። ሁለቱ ስሞች በ268 ዓመት ልዩነት፣ አንድ ጊዜ በቤተ መንግሥት፣ ሌላ ጊዜ በቤተ ክህነት፣ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ተገናኝተዋል። ስሞችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መጽሐፍ በእጁ የሌለው ሰው ይህን የመሰለ ነገር ማስተዋል ይከብደዋል፤ እኔ ለዚህ ሥራ ያለኝ ፍቅርም ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አደራደሩ የማይረዳባቸው ሞክሼዎችም አሉ፤ ከሁሉ የሚጎሉት ሁለቱ ካሣዎች ናቸው። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጠው በ«ፍካሬ ኢየሱስ» ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ትንቢት ስለተነገረ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት ትግራይን ይዞ የነበረውና መንገዱን የለቀቀለት ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ነበር። ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ተወለት፤ ደጃዝማች ካሣም በዚያ መሣሪያ ታግዞ በ1871 ዐድዋ አጠገብ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርጎ በ1872 መጀመሪያ አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተብሎ ነገሠ። እንግዲህ አንዱ ካሣ በወደቀበት ዘመቻ ሌላው ካሣ ወደ ዙፋን የሚወስደውን መንገድ አገኘ ማለት ነው። (የተሸነፈው ተክለ ጊዮርጊስም ዳግማዊ ነው፤ የቀደመው ተክለ ጊዮርጊስ ዙፋኑን ደጋግሞ ያጣ፣ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባለ የጎንደር ንጉሥ ነበር።) መዝገበ ዕውቀቱ ነገሥታቱን በዙፋን ስማቸው ስለሚያሰልፍ ቴዎድሮስ በአራተኛው፣ ዮሐንስ በአምስተኛው ቅጽ ተለያይተው ይገኛሉ። በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤ ላይ «ካሣ» የሚል ብቻ ያገኘ ተማሪ በአምስተኛው ቅጽ መጨረሻ ያለውን ጠቋሚ ካልተጠቀመ ሁለቱን ማገናኘት አይችልም። አባቶቻችን «አባ ታጠቅ» እና «አባ በዝብዝ» በሚሉት የፈረስ ስሞች እነዚህን ሰዎች ያለ አንዳች ግርታ ለይተዋቸው ነበር።

በአምስተኛው ቅጽ ውስጥ ካሉት ስሞች ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ዘርዓ ያዕቆብ ነው። አንደኛው ከ1434 እስከ 1468 የገዛው፣ ደብረ ብርሃንን የመሠረተው፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ክርክር የፈታው ንጉሥ ነው። ሁለተኛው በ«ሐተታ» የሚታወቀው ፈላስፋ ሲሆን በመጽሐፉ መሠረት በ1599 በአክሱም አካባቢ ተወልዶ በሱስንዮስ ዘመን በዋሻ ተደብቆ የኖረ፣ በኋላም በእንፍራንዝ ተቀምጦ ወልደ ሕይወትን ያስተማረ ሰው ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ሁለቱን ከመለየት አልፎ ሁለተኛው በእርግጥ ኖሯልን የሚል ነው። የ«ሐተታ»ን ቅጂ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር፤ ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ሚስዮናዊው ራሱ ነው የሚል ክርክር አነሣ። ሚስዮናዊው ከመመንኮሱ በፊት የነበረው ስም ያኮፖ፣ በእኛ አጠራር ያዕቆብ መሆኑም በዚህ ክርክር ውስጥ እንደ አንድ ምልክት ይነሣል። ክሎድ ሰምነርን የመሰሉ ምሁራን ደግሞ የፈላስፋውን ኢትዮጵያዊነት ረጅም ዘመን ተሟግተውለታል። ጸሐፊውን በስም የሚያስታውቅና የሁለቱንም ወገን ጽሑፎች ለመከታተል በር የሚከፍት መዝገብ ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለ ስም ላይ ነው። ፈላስፋውን አለ ወይም የለም ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋ አጭር የመረጃ ገጽ አንባቢውን ከክርክሩ ውጭ ያስቀረዋል።

የነገሥታት ተራ ቁጥርም ሌላ ወጥመድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ዳግማዊ የተባሉት በ«ክብረ ነገሥት» የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ የሆነው ምኒልክ ቀዳማዊ ተብሎ ስለሚቆጠር ነው፤ በመካከላቸው በዚህ ስም የነገሠ የለም። ዳዊት ላይ ግን ጸሐፊዎች አይስማሙም። ከ1380 ገደማ ጀምሮ የነገሠው የዘርዓ ያዕቆብ አባት ለአንዳንዱ ቀዳማዊ፣ ለሌላው ዳግማዊ ነው። የፖርቹጋል መልእክተኞች በ1520 ያገኙት አፄ ልብነ ድንግልም ዳዊት ስለሚባል አውሮፓውያን በዚህ ስም አውቀውታል። ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው የጎንደሩ ዳዊት ሲጨመር ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚፈልግ አንባቢ ከአንዱ መቶ ዓመት ወደ ሌላው ይዘልላል። መዝገበ ዕውቀቱን ስትጠቀሙ ምክሬ ተራ ቁጥሩን ትታችሁ የንግሥናውን ዓመት ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው፤ ልብነ ድንግልንም በሁለተኛው ቅጽ ከዳዊቶች ጋር ሳይሆን በሦስተኛው ቅጽ በ«ል» ፈልጉት።

በመጀመሪያው ቅጽ ያሉት ሁለቱ አበበዎች ከነገሥታቱ ይልቅ ለዘመናችን ይቀርባሉ። ራስ አበበ አረጋይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሸዋ ውስጥ አምስቱንም ዓመት የታገሉ አርበኛ ናቸው፤ አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው የማራቶን ጀግና ነው። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5፣ ማለትም በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ነው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ይኸው ክብር ዘበኛ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ራስ አበበ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። የአንዱ አበበ ጦር ክፍል የሌላውን አበበ ሕይወት አጠፋ፤ በአንድ መንፈቅ ውስጥ። መንግሥቱ የሚለው ስም ራሱ ሌላ ሰልፍ ያስከትላል፤ ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ፣ እግር ኳስ ተጫዋቹ መንግሥቱ ወርቁ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በተቀራረበ ዘመን የኖሩ ሞክሼዎች ናቸው። የመዝገበ ዕውቀቱ ክብደት ግን ከ1974ቱ አብዮት በፊት ባለው ዘመን ላይ ስለሆነ ለቅርብ ዘመን ሰዎች ሌላ ምንጭ መያዝ ያስፈልጋል።

የሥራው ችግሮች ይዘቱን የሚነኩ አይደሉም፤ ከአንባቢው የሚያርቁት ናቸው። ሥራው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የዐማርኛና የግእዝ ስሞች በላቲን ፊደል ከነጥብና ከሰረዝ ጋር ስለተጻፉ ስሙን ከልጅነቱ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንደ ባዕድ ፊደል እንዲቆጥር ይገደዳል። «ኃይለ» የሚለውን ስም የሚፈልግ ሰው የትኛው ቅጽ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ መጀመሪያ የፊደል አጻጻፍ ሥርዓቱን ማጥናት አለበት። ዓመታቱ በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆናቸው ከገድላትና ከዜና መዋዕል ጋር የሚያስተያይ ሰው ሁልጊዜ መቀነስና መደመር ይኖርበታል። የአምስቱ ቅጽ ዋጋ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፤ ይህ ለአገር ቤት መምህርና ተማሪ የማይታሰብ ሲሆን ለውጭ አገር ነዋሪም ቀላል አይደለም። ሞክሼዎችን መለየት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው የታሪክ መምህር ከዚህ ሥራ መራቁ ያሳዝነኛል። ከሰዎቹ ታሪክ ብቻ ተውጣጥቶ በዐማርኛ የተዘጋጀ፣ የዙፋን፣ የክርስትናና የፈረስ ስሞችን አንድ ላይ የያዘ አንድ ቅጽ ቢታተም ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ጥቅም ከሙሉው ሥራ ሊበልጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ሙሉውን መግዛት ለማይችል ሰው የሚሻለው በዩኒቨርሲቲና በምርምር ተቋማት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ማንበብ ነው። አምስተኛውን ቅጽ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ከጠቋሚው የምትፈልጉትን ስም የሚጋሩትን ሰዎች ሁሉ ከነቅጻቸውና ከነገጻቸው በወረቀት ላይ ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ሌሎቹ ቅጾች ሂዱ። ከአንድ ቅጽ በላይ አቅም የማይፈቅድለት ገዢ ተክለ ሃይማኖቶችንና ቴዎድሮሶችን የያዘውን አራተኛውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ምኒልክን፣ ኢያሱንና ልብነ ድንግልን የሚያስበልጥ ደግሞ ሦስተኛውን ይውሰድ።